የሰርቨር ደህንነት ማጣቀሻ መጻሕፍት በአዳማ

የሰርቨር ደህንነት ማጣቀሻ መጻሕፍት የሚባሉት የሲስተም አስተዳዳሪ ሰርቨር ሲተክል፣ ሲያጠብቅና ሲፈትሽ እያገላበጠ የሚሠራባቸው ቴክኒካዊ ሥራዎች ናቸው። በአዳማ በዩኒቨርሲቲው፣ በሆስፒታሎች፣ በሆቴሎችና በከተማዋ ዙሪያ ባሉ ፋብሪካዎች ያሉ ባለሙያዎች የሚጠቀሙት ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ የተጻፉትን ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የከተማዋ የኮምፒውተር ሙያ ታሪክ ከአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተነጥሎ አይታይም። ተቋሙ በ1993 የናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ሲጀመር ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ገና አልገባም ነበር፤ የገባው በ1997 ነው። የዩኒቨርሲቲነት ደረጃን ያገኘው በ2006፣ የአሁኑን ስሙን የያዘው ደግሞ በ2011 ነው።

ቀደምቶቹ መጻሕፍት

ዘርፉ መልክ መያዝ የጀመረው ኅዳር 2 ቀን 1988 የተለቀቀው የሞሪስ ትል (ራሱን እያባዛ የሚዛመት ፕሮግራም) በዩኒክስ ሲስተም የሚሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖችን ካሽመደመደ በኋላ ነው። ትሉ የገባው በኢሜይል ማስተላለፊያው ሴንድሜይል፣ የተጠቃሚ መረጃ በሚሰጠው የፊንገር አገልግሎትና በቀላሉ በሚገመቱ ፓስወርዶች በኩል ነበር። ጥቃቱን ካጠኑት አንዱ ጂን ስፓፎርድ ከሲምሰን ጋርፊንክል ጋር ሆኖ በ1991 «ፕራክቲካል ዩኒክስ ሴኪዩሪቲ»ን አወጣ። ሁለተኛው እትም በ1996፣ ሦስተኛው በ2003 ወጣ፤ መጽሐፉም እያደገ ሄዶ ወደ 1,000 ገጽ ተጠጋ። ፋይል የማን እንደሆነና ማን ሊያነበው እንደሚችል፣ በባለቤቱ ሥልጣን የሚሠሩ ፕሮግራሞች ለምን አደገኛ እንደሆኑ፣ ባክአፕ እንዴት እንደሚያዝ በትዕግሥት ያስረዳል። ከሁሉ የሚገርመው ግን የሰርቨር ክፍሉን የሚመለከተው ምዕራፍ ነው፤ ስለ እሳት፣ ስለ ጭስ፣ ስለ አቧራ፣ ስለ መብረቅ፣ ስለ ነፍሳት ሳይቀር ይናገራል። ሌላ አገር ያለ አንባቢ ይህን ምዕራፍ ዘሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም፤ የነፋስ ማመንጫ በተተከለባት፣ ነፋስና አቧራ ባለባት ከተማ ለሚሠራ ሰው ግን ይህ ከዋናዎቹ ምዕራፎች አንዱ ነው።

በ1994 ቢል ቼዝዊክና ስቲቭ ቤሎቪን ስለ ፋየርዎል (የመረብ ግንኙነትን የሚያጣራ መከላከያ) «ፋየርዎልስ ኤንድ ኢንተርኔት ሴኪዩሪቲ»ን አሳተሙ። ደራሲዎቹ የቤል ላብስ ምርምር ማዕከል ሰዎች ስለነበሩ በራሳቸው በር ላይ የደረሰውን ሙከራ እየመዘገቡ ነው የጻፉት። በ1995 የወጣው የብሬንት ቻፕማንና የኤልዛቤት ዝዊኪ መጽሐፍ በበኩሉ ለውጭ የተጋለጠ ሰርቨር ከውስጥ መረቡ ተለይቶ እንዴት እንደሚቆም በሥዕል ጭምር ያሳየ ነበር። በ1997 የወጣው የተቋማት ደህንነት መመሪያ፣ አርኤፍሲ 2196፣ ነጻ የጽሑፍ ሰነድ በመሆኑ ለማባዛት ይቀላል፤ አንድ ተቋም የደህንነት ደንብ ከየት እንደሚጀምር ለማወቅ እስካሁን ከእሱ የተሻለ አጭር ነገር ማግኘት ያስቸግራል።

ከእነዚህ መጻሕፍት ዛሬም የሚሠራው «ለምን» የሚለው ክፍል ነው። የማያስፈልግ አገልግሎት ይዘጋ፤ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የሚበቃውን ያህል ብቻ ሥልጣን ይሰጥ፤ ሎግ (የክንውን መዝገብ) በሌላ ማሽን ይቀመጥ፤ መልሶ ማምጣቱ ያልተሞከረ ባክአፕ እንደ ባክአፕ አይቆጠር። ያረጀው «እንዴት» የሚለው ነው። ለምሳሌ የተወሰኑ አድራሻዎችን በስም ለማገድ የፈቃድና የክልከላ ፋይል መጻፍ ብዙዎቹ የቀድሞ መጻሕፍት የሚያስተምሩት ነበር። ከሩቅ ወደ ሰርቨር መግቢያው ፕሮግራም ኦፕንኤስኤስኤች ይህን ድጋፍ በ2014 ከራሱ ኮድ አወጣው፤ ከሊነክስ ሥርጭቶች አንዱ የሆነው ሬድሃት 8ም ከናካቴው ተወው። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ፋይሉ ይጻፋል፣ ምንም የስህተት መልእክት አይወጣም፣ ነገር ግን የሚያነበው የለም። አስተዳዳሪው በሩን የዘጋ ይመስለዋል።

ከ2003 እስከ 2010 ባለው ጊዜ ሊነክስን ብቻ የሚመለከቱ መጻሕፍት በዙ፤ የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም ኒስት በ2008 ስለ ሰርቨር ደህንነት ያወጣው 800-123 መመሪያም የዚሁ ዘመን ነው።

ፎቶ ኮፒና የእትም ችግር

መጻሕፍቱ ውድ ስለሆኑ ብዙ ጊዜ የሚገኙት በፍላሽ በሚዞር ፒዲኤፍ ወይም ፎቶ ኮፒ ቤት ታትሞ በስፓይራል በተጠረዘ ቅጂ ነው። ሕጋዊነቱ አከራካሪ አይደለም፤ ሕጋዊ አይደለም። የደህንነት ጉዳቱ ግን ሌላ ነው። ገጽ ለመቆጠብ ሲባል ከምዕራፍ 1 በፊት ያለው ሁሉ ስለሚቀር የእትሙ ዓመትም አብሮ ይቀራል።

እንዲህ ያለ ቅጂ ዕድሜው በይዘቱ ይገመታል። አገልግሎት ማስነሻውን በስክሪፕት ብቻ የሚያሳይና ስለ ሲስተምዲ (የዛሬው የሊነክስ አገልግሎት ማስነሻና መቆጣጠሪያ) የማያነሳ ከሆነ ከ2014 በፊት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፤ ሬድሃት 7 በዚያ ዓመት፣ ሌላው ሥርጭት ዴቢያን 8 ደግሞ በ2015 ወደ ሲስተምዲ ተሻግረዋል። የፋየርዎል ምዕራፉ አዲሱን የሊነክስ ፋየርዎል መሣሪያ ኤንኤፍቴብልስን የማያውቅ ከሆነ ከ2019ኙ ዴቢያን 10 በፊት ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። የመረብ ግንኙነትን ከሚያመሰጥረው ቲኤልኤስ 1.0ን «ለአሮጌ ብራውዘር ክፍት ይተው» የሚል መጽሐፍ ሁለቱን አሮጌ ስሪቶች፣ 1.0ንና 1.1ን፣ ከሻረው የ2021 ውሳኔ በፊት የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም።

መጽሐፉና ማሽኑ ሲለያዩ

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ከሩቅ ወደ ሰርቨር በሚያስገባው ኤስኤስኤች ላይ ነው። መጻሕፍቱ በዋናው የማስተካከያ ፋይል ውስጥ በፓስወርድ መግባትን «ኖ» አድርጉ ይላሉ። ኡቡንቱ በተባለው የሊነክስ ሥርጭት አዲሶቹ ስሪቶች ግን ዋናው ፋይል ገና ከላዩ ሌላ ማኅደር ያስነብባል፤ ኤስኤስኤች ደግሞ መጀመሪያ ያገኘውን ዋጋ ይዞ ኋላ የመጣውን ይተዋል። በክላውድ ምስል (ቀድሞ በተዘጋጀ የሲስተም ቅጂ) የተተከለ ማሽን በዚያ ማኅደር ውስጥ «የስ» የሚል ፋይል ሊኖረው ስለሚችል ከታች የተጻፈው «ኖ» ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ በፋይሉ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም፤ የኤስኤስኤች ሰርቨሩን በትልቁ «ቲ» አማራጭ በመጥራት በሥራ ላይ ያለውን ዋጋ ማየት፣ ከዚያም ከሌላ ማሽን በፓስወርድ ለመግባት መሞከር ያስፈልጋል። በትንሹ «ቲ» የሚጠራው የአጻጻፍ ስህተትን ብቻ ነው የሚያየው።

የኤስኤስኤች መግቢያ በር የሆነውን ፖርት 22ን ወደ ሌላ ቁጥር መቀየር ጥቅም አለው ወይ የሚለው ላይ ባለሙያዎች አይስማሙም። የሎግ ጫጫታን ይቀንሳል፤ ጥበቃ ነው ማለት ግን ይከብዳል። የሚቀይር ሰው ኡቡንቱ 24.04 ላይ አገልግሎቱን ብቻ ቢያስነሳ ፖርቱ አይለወጥም፤ ፖርቱን የሚያዳምጠው የሲስተምዲ ሶኬት ስለሆነ መጀመሪያ ሲስተምዲ ማስተካከያውን እንደገና እንዲያነብ ተደርጎ ሶኬቱ ዳግም መነሳት አለበት።

ከሩቅ ሆኖ ፋየርዎል ሲበራ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የኤስኤስኤች ፖርት ይፈቀዳል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ፋየርዎሉን የሚያጠፋ ትእዛዝ በቀጠሮ ይያዛል፤ ከዚያ ፋየርዎሉ ይበራል፤ የመጀመሪያው መስኮት ሳይዘጋ በሁለተኛ መስኮት መግባት ይሞከራል፤ ከተሳካ ቀጠሮው ይሰረዛል። ይህን የዘለለ ሰው ኮንሶል ፍለጋ ወደ ሰርቨሩ ክፍል መሄዱ አይቀርም። ፕሮግራሞችን ለየብቻ አጥሮ የሚያሠራው ዶከር ያለበት ማሽን ደግሞ የኡቡንቱ ፋየርዎል መሣሪያ ዩኤፍደብሊው «ዝግ» የሚለውን ፖርት ክፍት ሊያደርገው ይችላል፤ ዶከር የራሱን ደንብ በቀጥታ ስለሚያስገባ ለውጭ የማይፈለገው አገልግሎት 127.0.0.1 (ማሽኑ ራሱን ብቻ የሚጠራበት አድራሻ) ላይ ብቻ መታሰር አለበት።

ሲአይኤስ የተባለው ድርጅት የሚያወጣቸው የደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝሮች፣ ቤንችማርኮቹ፣ ለእያንዳንዱ ስሪት ተለይተው ስለሚወጡ ይህን ክፍተት በእጅጉ ያጠባሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ምክንያቱን፣ መፈተሻውንና ማስተካከያውን ይዟል። ቢሆንም ሁሉን በአንድ ቀን መተግበር አይመከርም፤ ከጊዜያዊ ማኅደር ላይ ፕሮግራም እንዳይሠራ ሲከለከል አንዳንድ የፓኬጅ ተከላዎች ይሰናከላሉ፣ የአይፒ ማስተላለፍ ሲዘጋ ዶከር መረቡን ያጣል። በአንድ ጊዜ ከአምስት ነጥብ ያልበለጠ ለውጦ አንድ ቀን መጠበቅ በቂ ጥንቃቄ ነው።

መጻሕፍቱ የማያነሷቸው የአካባቢ ሁኔታዎች

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ትገኛለች። በርካታ ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈቀድላቸዋል፤ ሆኖም አየሩ በሳሳ ቁጥር የማቀዝቀዝ አቅሙ ስለሚቀንስ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ይቀነሳል። በአዳማ ጣሪያው ወደ 32 ገደማ ይወርዳል ማለት ነው። በደረቁ ወራት አቧራው ማጣሪያውን ስለሚደፍን በወር አንዴ ይጸዳል።

መብራት ሲጠፋ ከዩፒኤሱ እኩል ሊታይ የሚገባው የማዘርቦርዱ ሲአር 2032 ባትሪ ነው። ባለ 3 ቮልቷ ባትሪ ከሞተች ማሽኑ ተመልሶ ሲነሳ ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። ያኔ ሰርተፊኬቶች «ገና አልጸኑም» ይባላሉ፤ የተጠቃሚዎችን መግቢያ ከሚቆጣጠረው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት ከ5 ደቂቃ ካለፈም ማንም መግባት አይችልም። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ፓስወርድ መቀየር ይጀምራል፤ ችግሩ ግን የባትሪ ነው።

ሎግ ሲነበብም የሰዓት አቆጣጠር ያደናግራል። በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) 23:40 ተብሎ የተመዘገበ ሙከራ በኢትዮጵያ 3 ሰዓት ተጨምሮበት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40 ነው፤ ቀኑም ከተጻፈው ቀጥሎ ያለው ቀን ነው። የጥበቃ ሠራተኛውን «ማን ገብቶ ነበር» ብሎ ከመጠየቅ በፊት ይህን ማስላት ይገባል።

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ዓ.ም. አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መዝገብ) ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲይዝ ያዛል። ለሠራተኞቹ ብቻ ኢሜይል የሚሰጥ ተቋም በዚህ ይካተታል ወይስ አይካተትም የሚለው እንደ አተረጓጎሙ ሊለያይ ይችላል። አሮጌ ሎጎችን የሚያዞረውና የሚሰርዘው የሎግሮቴት መነሻ ማስተካከያ ግን በሳምንት እየዞረ 4 ቅጂ ብቻ ስለሚይዝ ከአንድ ወር ገደማ በላይ የሚዘልቅ ሎግ አይኖርም። ወደ አንድ ዓመት ለማድረስ ቁጥሩ ወደ 53 ከፍ ይላል፣ መጭመቂያው ይበራል፣ ዲስኩ ደግሞ ሎግ ሞልቶት ሰርቨሩን እንዳያቆመው የሎግ ማኅደሩ የራሱ ፓርቲሽን ይሰጠዋል።