ባንኮክን በሁለት ሦስት ቀን መጎብኘት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ለሕክምና ወይም ለንግድ ወደ ታይላንድ ዋና ከተማ ባንኮክ የሚሄዱ ወገኖቻችን ጉዳያቸውን ጨርሰው ሁለት ሦስት ቀን ሲተርፋቸው ከተማዋን ማየት ይፈልጋሉ። ከወዳጅ ዘመድ የሚሰሙት ምክር ግን ብዙውን ጊዜ ያችኑ ጥቂት ቀን መንገድ ላይ የሚያስፈጅ ነው።

«መኪና በኮንትራት መያዝ ጊዜ ይቆጥባል»

በባንኮክ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሆቴሎችና የገበያ ማዕከሎች የተደረደሩበት የሱኩምቪት ጎዳና በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት እጅግ ስለሚጨናነቅ፣ መኪና ውስጥ የተቀመጠው ሰው ባለበት ቆሞ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1999 ሥራ የጀመረውና ስካይትሬን የተባለው ከመንገድ በላይ የሚሄድ የከተማ ባቡር ከበላዩ እየተመላለሰ ያልፈዋል። ከሱቫናፑም አውሮፕላን ማረፊያም ቢሆን ወደ ፓያ ታይ ጣቢያ በባቡር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ እዚያው ወደ ስካይትሬን መቀየር ይቻላል። ሕመምተኛ ወይም ከባድ ሻንጣ ለያዘ ግን ታክሲ ይሻላል።

«አሮጌው ከተማ ባቡር አይደርስበትም»

ይህ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ እውነት ነበር። በዚያ ዓመት የምድር ውስጥ ባቡሩ ተራዝሞ ሳናም ቻይ የተባለው ጣቢያ በመከፈቱ፣ ዛሬ ከጣቢያው ወጥቶ ዋት ፖ ወደተባለው ቤተ መቅደስ ለመድረስ የጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ብቻ ነው። እኔ ግን አስቀድሜ የምመክረው ወንዙን ነው። በስካይትሬን ሄደው ሳፋን ታክሲን ጣቢያ ሲወርዱ፣ በቅርብ ካለው መሳፈሪያ በቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ የሚመላለሰውን የሕዝብ ጀልባ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1782 መሠራት የጀመረው ታላቁ ቤተ መንግሥት፣ 46 ሜትር የሚረዝመው ጋደም ያለ የቡድሃ ሐውልት የሚገኝበት ዋት ፖ፣ እንዲሁም በትንሽ ጀልባ የሚሻገሩለት ዋት አሩን የተባለው ቤተ መቅደስ ሁሉም በወንዙ ግራና ቀኝ የተቀራረቡ ስለሆኑ በአንድ ቀን ይዳረሳሉ። የጉዞ ዕቅድ በቦታ ዝርዝር ሳይሆን በሰፈር መያዝ አለበት የምለውም ለዚህ ነው።

«ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ዝግ ነው»

ይህን የሚሉት እዚያው አጥሩ ጥግ የሚቆሙ፣ ደኅና የለበሱና ትሑት ሰዎች ናቸው። ዛሬ ጸሎት ስላለ የሚከፈተው ከሰዓት በኋላ ነው ይሉና፣ እስከዚያው ሌላ ቤተ መቅደስ በትንሽ ገንዘብ ያሳያችኋል ብለው ቱክቱክ፣ ማለትም የእኛን ባጃጅ የመሰለ ተሽከርካሪ ይጠራሉ፤ መጨረሻው የጌጣጌጥ ወይም የልብስ ስፌት ሱቅ ነው። ሳይመልሱ አልፎ በሩ ላይ ያሉትን ጠባቂዎች መጠየቅ ይገባል። ቤተ መንግሥቱ አብዛኛውን ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ቀኑ 9፡30 ጎብኚ ያስገባል፤ ትከሻና ጉልበት የማይሸፍን ልብስ ግን በር ላይ ያስመልሳል።

«በዝናብ ወራት መሄድ ከንቱ ነው»

ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ በኃይል ወርዶ ያባራል። ይልቅ የሚያደክመው የሚያዝያ ሙቀት ነው።

«አዩታያንና ተንሳፋፊውን ገበያ በአንድ ቀን ደርቦ ማየት ይቻላል»

እ.ኤ.አ. በ1767 የፈረሰችው የቀድሞዋ መናገሻ አዩታያ ከባንኮክ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትርቅ፣ ዳምኑን ሳዱዋክ የተባለው ተንሳፋፊ ገበያ ደግሞ በደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ገበያ ለሚወድ ሰው ከከተማው ሳይወጣ በስካይትሬን የሚደረስበት ቻቱቻክ አለ፤ ገበያው በዋናነት የሚደራው ቅዳሜና እሑድ ስለሆነ፣ ከሁለቱ ቀናት አንዱን ለእሱ ትቶ ቤተ መንግሥቱን በሥራ ቀን ማየት ነው።