የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕና ድምፁ በየዘመኑ

ፒክአፕ ከጊታር ክሮች ሥር የሚቀመጥ ማግኔት ነው። ዙሪያውን የፀጉር ያህል የቀጠነ የመዳብ ሽቦ በሺዎች ዙር ተጠምጥሞበታል። የብረት ክር ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያናውጣል፤ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይነሳል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላል። ስለዚህ ፒክአፕ የሚሰማው ብረትን ብቻ ነው። ይህ ለሰሜን ሸዋ ተጫዋች ቀላል ነገር አይደለም። የበገና ክር የበግ አንጀት ነው (መንዝ እያለ በግ አይጠፋም)፣ የመሰንቆው ደግሞ የፈረስ ጭራ። ሁለቱም በጊታር ፒክአፕ ላይ ቢሞከሩ ጭጭ ነው። ደብረ ብርሃን ሰርግ ላይ መሰንቆው ፊት ማይክ የሚቆመው ወይም ሆዱ ላይ ፒዬዞ (ማግኔት የማይፈልግ የንዝረት መልቀሚያ) የሚለጠፈው ለዚህ ነው።

ታሪኩ አሜሪካ ይጀምራል፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጆርጅ ቢቻምና አዶልፍ ሪከንባከር መጥበሻ የምትመስል የሐዋይ ጊታር አወጡ። ፒክአፗ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ያላቸው ሁለት ማግኔቶች ነበሯት። በ1936 የጊታር ኩባንያው የጊብሰን ኢኤስ-150 ጊታር ተከተለች። ረጅም የብረት ምላጭ ያላት ፒክአፗ ዛሬም በጃዝ ተጫዋቹ በቻርሊ ክርስቲያን ስም ትጠራለች። በ1946 ፒ-90 የተባለችው የጊብሰን ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ መጣች።

ዋናው ነገር የሆነው በ1950ዎቹ ነው። ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር በ1954 ስትራቶካስተር የተባለችውን ጊታር ሦስት ፒክአፕ አድርጎላት አወጣ። እያንዳንዷ ባለ አንድ ጥምጥም ነች፤ ድምፃቸው ጥርት ያለ፣ ደወል ደወል የሚል ነው። በአንገቷ በኩል ያለችው ለትዝታ የተፈጠረች ትመስለኛለች። የፒክአፕ መምረጫ ማብሪያዋ ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች ግን መሃል ላይ እያቆሙ ሁለት ሁለቱን ማጫወት ለመዱ፤ ፋብሪካው ራሱ አምስት ቦታ ያደረገው በ1977 ነው።

ጣጣዋ ጉምጉምታ ነው። ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ ከመብራት መስመሩ የሚመጣውን ሁሉ ትለቅማለች። እኛ ጋ መስመሩ 50 ኸርዝ ነው። ፍሎረሰንት በበዛበት አዳራሽ የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ ዘፈኑ ሳይጀመር እምምም ይላል። የጊብሰኑ ሴት ላቨር በ1955 መላ ዘየደ። ሁለት ጥምጥሞችን ጎን ለጎን አደረገ፤ የአንዱን አጠማጠምም ማግኔትም ገለበጠ። ጉምጉምታው ተቃራኒ ሆኖ ይጠፋፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሀምበከር ይባላል። ወፈር፣ ለስለስ ያለ ድምፅ አለው፤ ቀጭኑን ድምፅ ግን ትንሽ ይበላል። ለሌላው የጊታር ኩባንያ ለግሬች ይሠራ የነበረው ሬይ በትስም በዚያው ሰሞን ተመሳሳዩን ስለሠራ ማን ቀደመ የሚለው ያከራክራል። የፈጠራ ማመልከቻውን ቀድሞ ያስገባው ግን ላቨር ነው። ማመልከቻው ገና በመታየት ላይ ሳለ የወጡት ሀምበከሮች ከታች በኩል ይህንኑ የሚል ተለጣፊ ነበራቸው፤ ዛሬ ዋጋቸው ሰማይ ነው። በኋላ የተለጠፈው የፈጠራ ቁጥር ደግሞ የፒክአፕ ሳይሆን የሌላ የጊታር ዕቃ ነበር!

1960ዎቹ በነዚሁ ሁለቱ፣ በባለ አንድ ጥምጥሟና በሀምበከሩ፣ አለፉ።

በ1972 ላሪ ዲማርዚዮ በሴራሚክ ማግኔት ኃይለኛ ሀምበከር ሠራ፤ አምፕሊፋየሩን ገፍቶ የሚያስጮኽ፣ ለሮክ የሚሆን። በዚያው አስርት ኢኤምጂ የተባለው ኩባንያ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ፒክአፕ አመጣ፤ ከባዱ ሜታል ወደደው። ከዚያ ወዲህ ገበያው አንገቱን ወደ ኋላ አዙሯል፤ ብዙው ሠሪ የሚቀዳው የ1950ዎቹን ድምፅ ነው። በ2014 የወጣው የፊሽማን ፍሉወንስ ግን ሽቦ ጠምጥሞ ሳይሆን ታትሞ የተደራረበ ሰሌዳ ይጠቀማል።

ያገለገለ ጊታር ለሚገዛ አንድ ነገር ልጨምር። ፒክአፑ ክሩ ሥር በጣም ከተጠጋ ማግኔቱ ክሩን ይስባል፤ ቅኝቱ ይዛባል። መፍትሔው ፒክአፑ ዝቅ እንዲል የያዙትን ሁለቱን ብሎን ላላ ማድረግ ነው። የደብረ ብርሃን ብርድን አትውቀሱ፤ እሱ ክሩን እንጂ ፒክአፑን ብዙም አይነካም።

የብረት ክር ያለው ክራር በጊታር ፒክአፕ ይሠራል። ግን ክሮቹ ከበርኩማው ወደ ቀንበሩ እየተራራቁ ስለሚሄዱ በፒክአፑ ውስጥ ለስድስቱ የጊታር ክር አንድ አንድ ሆነው በተለኩት የማግኔት ዘንጎች ትክክል አይውሉም። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይደክማል። ለክራር የሚሻለው ዳር እስከ ዳር የሚዘልቅ ምላጭ ያለው ነው፤ ያች የ1936ቷ ዓይነት።