የበረሃ ተክል ምን ይሆናል? እሾሃም ቁጥቋጦ በማሰሮ ስለማሳደግ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በሱሉልታ፣ በሰበታና በለገጣፎ አዳዲስ ግቢዎች ውስጥ እሾሃም የበረሃ ቁጥቋጦ ማሳደግ የሚወድ ሰው አይጠፋም። በብዛት የማየው ቀያይ ትንንሽ አበባ የሚያወጣውን የማዳጋስካሩን ኢዩፎርቢያ ሚሊ ነው። እኔ እነዚህን ተክሎች በጣም እወዳቸዋለሁ። ለዚህም ነው ነሐሴን ሳይሻገሩ ሲበሰብሱ የማዝነው። ብዙ ጊዜ ባለቤቶቻቸው ሰነፍ ሆነው አይደለም። ምክሩ ነው የተሳሳተው።

«እዚህ ብርድ ነው፤ የፕላስቲክ ቤት ሠርቶ ዘግቶ ማሞቅ ያስፈልጋል።»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሱሉልታ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። በህዳርና በታህሳስ ሌሊቱ ይከብዳል፣ ሜዳው ላይ ውርጭ ይጥላል። ግን ያኔ አየሩ ደረቅ ነው፤ ሲነጋ ፀሐይ ይወጣል። አፈሩ የደረቀ ተክል ቀዝቃዛ ሌሊትን በተሻለ ይችላል። አደገኛው ወቅት ክረምቱ ነው። ብርዱ፣ ደመናውና ውሃው አንድ ላይ ይመጣሉ። የቀዘቀዘ ሥር ውሃ አይስብም፣ አፈሩ ሳይደርቅ ይሰነብታል፣ ሥሩም ይበሰብሳል።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ጣሪያ ነው። አራት ቋሚ እንጨት፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ፣ ጎንና ጎኑ ክፍት። በቃ። ዙሪያውን ከዘጋችሁት እርጥበቱ ይታፈንና ሻጋታ ይመጣል። ሌሊት ደግሞ ማሞቂያ የሌለው ስስ የፕላስቲክ ቤት ከውጪው ብዙም አይሞቅም። ውርጭ ለሚፈራው፣ ለምሳሌ ለኢዩፎርቢያ ሚሊ፣ ማሰሮውን ወደ በረንዳ ግድግዳ ማስጠጋትና ማታ ማታ በጆንያ መሸፈን ይሻላል።

«ከሰኔ እስከ ነሐሴ በደንብ አጠጡ።»

ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አብዛኛው ይህን ይላል። ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው ልክ ነው፤ የእነሱ ሙቀትና ፀሐይ ያኔ ነው። የእኛ ተቃራኒ ነው። እዚህ ተክሉ በደንብ የሚያድገው ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ቀኑ ሲሞቅ ነው። ሰኔ ሲገባ ውሃውን ቀንሱ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭራሽ አቁሙ ማለት ይቻላል። የሌላ አገር የቀን መቁጠሪያ ተከትሎ ስንት ተክል አልቋል!

«የበረሃ ነው፤ ውሃ አይፈልግም።»

ይፈልጋል። በረሃ ላይ ሥሩ ርቆ ሄዶ ይፈልጋል፤ ማሰሮ ውስጥ የት ይሄዳል? በሚያድግበት ወቅት ከታች እስኪፈስ አጠጡት፤ ከዚያ አፈሩ እስከ ውስጥ እስኪደርቅ ተዉት። ቀጭን እንጨት ሰክታችሁ አውጡ፤ እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ጠብቁ። በየቀኑ አንድ ስኒ ማፍሰስ ግን ጥፋት ነው። ላዩን ብቻ ያረጥባል።

«አሸዋ ሙላበት፣ ከታች ጠጠር አድርግ።»

ደቃቅ አሸዋ ማሰሮ ውስጥ ይጠቀጠቅና ውሃ ይይዛል። የግቢያችን ዋልካ ደግሞ ባሰ፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለመንገድ የሚነጠፈው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ድንጋይ፣ ሬድ አሽ የሚባለው፣ ለዚህ ሥራ ግሩም ነው። ዱቄቱን በወንፊት አውጥታችሁ ጥሉት፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህለውን ከትንሽ ጥሩ አፈር ጋር ቀላቅሉ።

ከታች የሚደረገው ጠጠር ውሃውን ያወርዳል የሚባለውም ስህተት ነው። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም። አፈሩ እስኪጠግብ ድረስ ከጠጠሩ በላይ ይቆማል። ሥሩ የሚቀመጠው እርጥቡ ላይ ነው ማለት ነው። ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር አደባልቁት። የማሰሮው ቀዳዳም ክፍት ይሁን። ማሰሮው ከሥሩ ብዙም አይስፋ፤ ትርፍ አፈር ትርፍ እርጥበት ነው።

«ቅጠሉ ረግፏል፤ ሞቷል።»

ላይሞት ይችላል። በሜክሲኮና በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ በረሃ የሚበቅለው ኦኮቲሎ ሲደርቅበት ቅጠሉን ያራግፋል፤ ዝናብ ሲያገኝ በቀናት ውስጥ መልሶ ቅጠል ይለብሳል። ቅርፊቱን በጥፍር ጫር አድርጉ። ከሥር አረንጓዴ ከሆነ በሕይወት አለ። ግንዱ ከለሰለሰና ከጠቆረ ግን ጤነኛውን ቆርጣችሁ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ውስጥ አቆይታችሁ መትከል ነው።

«እሾህ ካለው ካክተስ ነው።»

ካክተስ የአሜሪካ አህጉር ተክል ነው ማለት ይቻላል፤ ካክተስ የሆነው በለስም ከዚያ ነው የመጣው። ኢዩፎርቢያ ሚሊ ግን የቁልቋላችን ዘመድ ነው፤ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ያፈሳል። ያ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስትቆርጡ ጓንት አድርጉ፣ ልጆችን አርቁ። ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።