ሽንት ለሚያመልጣቸው ሴቶች የሚሰሩ አፖች፦ ጥናቱና ዲዛይኑ

ስታስል፣ ስታስነጥስ፣ ከት ብላ ስትስቅ ወይ ከባድ እቃ ብድግ ስታደርግ ሽንት የሚያመልጣት ሴት በየሰፈሩ አለች፣ በተለይ ከወሊድ በኋላና እድሜ ሲገፋ፣ ግን ለእህቷም ለባሏም ሳትናገር ሞዴስ አድርጋ ጥቁር ቀሚስ መርጣ ነው የምትወጣው። ለዚ ችግር የሚሆኑ የስልክ አፖች በተለያየ አገር ተሰርተዋል። እዚ ላይ በዋናነት የማወራው ስለ አሰራራቸው ነው፣ ማለትም ሴቶቹን እንዴት እንደሚጠይቁ፣ ምን እንደሚሰሙና ከዛ ስክሪኑን እንዴት እንደሚሰሩት፣ ምክንያቱም በኔ እይታ አፑ ይጠቅም አይጠቅም የሚወሰነው እዛ ጋ ነው።

ችግሩ ሁለት ዋና መልክ አለው። አንዱ ሆድ ላይ ጫና ሲመጣ የሚያመልጠው ነው፣ ሌላው ደግሞ ሽንቷ ድንገት ያጣድፋትና ሽንት ቤት ሳትደርስ የሚቀድማት ነው፣ ሁለቱም አንድ ላይ ያሉባቸው ሴቶችም ብዙ ናቸው። ለመጀመሪያው ቀዳሚው ህክምና የዳሌ ወለል ጡንቻን፣ ማለትም ከዳሌ ስር ሆኖ የሽንት ፊኛንና ማህፀንን ደግፎ የሚይዘውን ጡንቻ፣ ማሰራት ነው፣ አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ስለዚ ስፖርት ጽፎ ስለነበር እስካሁን "ኬግል" ነው የሚባለው። የእንግሊዝ የህክምና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የሚለው በባለሙያ እየታገዙ ቢያንስ 3 ወር፣ በቀን 3 ጊዜ፣ በየጊዜው ደግሞ ቢያንስ 8 ጊዜ ጡንቻውን መጭመቅ ነው። ለሚያጣድፈው አይነት ደግሞ ቢያንስ 6 ሳምንት የሽንት ፊኛን ማለማመድ፣ ማለትም በሽንትና በሽንት መሀል ያለውን ሰዓት ቀስ በቀስ ማራዘም ነው። ሲነገር ቀላል ነው፣ ልጅ እያጠቡ ወጥ እያማሰሉ ታክሲ እየተጋፉ 3 ወር ሙሉ ሳያቋርጡ መስራት ግን ሌላ ነገር ነው፣ አፖቹ የመጡት ይቺን ክፍተት ለመሙላት ነው።

በደንብ የተጠና ምሳሌ ከተፈለገ የስዊድኑ ቴት ነው፣ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሰሩት። እነሱ በቀጥታ አፕ አልሰሩም፣ መጀመሪያ 250 ሴቶችን ወስደው ግማሹን በኢንተርኔት ግማሹን በፖስታ በተላከ ጽሁፍ ስፖርቱን አሰሯቸው፣ ከሐኪም ጋር ፊት ለፊት ሳይገናኙ፣ ሁለቱም ጋ መሻሻል ታየ። ከዛ ነው ወደ ስልክ ያመጡት። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመው ጥናት ቢያንስ በሳምንት አንዴ ሽንት የሚያመልጣቸው 123 ሴቶች በእጣ ለሁለት ተከፈሉ፣ ግማሾቹ አፑን አገኙ ግማሾቹ ጠበቁ፣ ከ3 ወር በኋላ ከ0 እስከ 21 በሚለካው መጠይቅ አፑን የተጠቀሙት በአማካይ 3.9 ነጥብ ሲሻሻሉ የጠበቁት 0.9 ብቻ። መጠይቁ ራሱ የሚጠይቀው ምን ያህል ጊዜ እንደሚያመልጥ፣ ምን ያህል እንደሚሆንና ኑሮን ምን ያህል እንደሚረብሽ ነው፣ የመጨረሻዋን ጥያቄ እኔ በጣም እወዳታለሁ፣ ምክንያቱም ትንሽ ጠብታ ሆኖ ሰርግና ለቅሶ የሚያስቀር አለ፣ ብዙ ሆኖም ሴትየዋ ተላምዳው የምትኖረው አለ። በኋላም ተጠቃሚዎቹን ቁጭ አድርገው ኢንተርቪው ሲያደርጓቸው ጎልቶ የወጣው ነገር ሰው ሳያዩ በራሳቸው መስራት መቻላቸው ነበር። እንግሊዝ አገር ያለው ስኩዊዚ ደግሞ በዚ ዘርፍ የሰሩ ፊዚዮቴራፒስቶች (በእንቅስቃሴና በስፖርት የሚያክሙ ባለሙያዎች) ያወጡት ነው፣ ማይራ ሮብሰን ስሟ የሚነሳው ከዛ ጋር ነው፣ ቀስ ያለና ፈጣን ጭመቃ ለየብቻ፣ ሪማይንደር፣ የሽንት ማስታወሻ አለው።

አሁን ወደ ዩዘር ሪሰርቹ፣ ማለትም ተጠቃሚዎቹን ሴቶች ወደ መጠየቁ። ይሄ ርዕስ የሚያሳፍር ስለሆነ የተለመደው አጠያየቅ እዚ ላይ አይሰራም። ስድስት ሰባት ሴት አንድ ክፍል ሰብስቦ "ሽንት ያመልጥሻል ወይ" ቢባል ሁሉም አይ ነው የሚሉት፣ አንድ ለአንድ፣ በስልክም ቢሆን፣ ድምጽ ብቻ ሲሆን ነው አፋቸው የሚፈታው። ጥያቄውም ከኑሮ ነው የሚጀምረው፦ ስታስዪ ምን ይሆናል፣ ከቤት ስትወጪ መጀመሪያ የምታስቢው ሽንት ቤት ነው ወይ፣ ገመድ መዝለል ወይ መሮጥ ያቆምሽው መቼ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ስትቀመጪ ሁሌ በር ጋ ነው ወይ። ብዙ ሴት ነገሩን እንደ በሽታ ስለማትቆጥረው፣ ስትወልጂ እንደዚ ነው ተብላ ስላደገች፣ የበሽታ ስም ይዘው ከሄዱ ችግሩ ያለባትን ሰው ራሷን ያጧታል። ጠያቂዋ ሴት ብትሆን ይመረጣል። ሌላው የሚጠቅመው መንገድ ለጥቂት ቀን ማስታወሻ እንዲይዙ ማድረግ ነው፣ ሰው ሲጠየቅ ከሚያስታውሰውና በየሰዓቱ ከሚመዘግበው መሀል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም።

ዲዛይኑ ላይ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች ናቸው ሁሉን የሚወስኑት። ለምሳሌ ኖቲፊኬሽን፦ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ስልኳ ስክሪኑ ወደ ላይ ሆኖ ተቀምጦ "የዳሌ ጡንቻሽን የምትሰሪበት ሰዓት ደርሷል" የሚል ጽሁፍ ቢበራ ያን ቀን ነው አፑ የሚጠፋው፣ ስለዚ "ሰዓትሽ ደርሷል" ብቻ ብሎ ቢያልፍ ይሻላል፣ ወይ ጽሁፉን ራሷ እንድትጽፈው መተው። የአፑ ምልክትም እንደዛው፣ ከውጭ የሚያይ ሰው ምን እንደሆነ የሚያውቅበት ስዕል መሆን የለበትም። ስፖርቱ ስክሪን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው እንደሚያድግና እንደሚቀንስ ክብ ወይ እንደሚወጣና እንደሚወርድ መስመር ነው፣ ግን ሳታይም እንድትሰራ ንዝረት ቢኖረው አውቶቡስ ውስጥም ስልኩን ቦርሳ ውስጥ አድርጋ ትሰራለች። አንድ ቀን ስታልፈው ቀይ ምልክትና "ተከታታይ ቀንሽ ተቋረጠ" የሚል ነገር ደግሞ እዚ ባይኖር ደስ ይለኛል፣ ድሮም ያፈረች ሴት ላይ ሌላ ወቀሳ መጨመር ነው።

ከባዱ ነገር ትክክል እየሰራች መሆኗን ማወቅ ነው። ብዙ ሴት ጭመቂ ስትባል ወደ ታች ትገፋለች፣ ወይ ቂጧንና ሆዷን ታጠብቃለች፣ ስልኩ ደግሞ ይሄን አያይም። የወለደች ሴት "እንደ ምጥ ወደ ታች አትግፊ፣ ፈስ እንደሚይዝ ሰው ወደ ላይና ወደ ውስጥ ሳቢ፣ ትንፋሽሽን ግን አትያዢ" ሲሏት ወዲያው ይገባታል፣ የተሳለው የሰውነት ስዕል ያላስረዳውን ይቺ አረፍተ ነገር ታስረዳዋለች። ብልት ውስጥ ገብተው እንቅስቃሴውን ለስልክ የሚነግሩ መሳሪያዎችም አሉ፣ የአሜሪካው ሌቫና የእንግሊዙ ኤልቪ ይጠቀሳሉ፣ ግን ዋጋ አላቸው፣ ሁሉም ሴትም ያንን ማስገባት አትፈልግም። አንዴ እንኳ ፊዚዮቴራፒስት ያየቻት ሴት አፑ ይበልጥ ይጠቅማታል ብዬ አምናለሁ።

የሽንት ማስታወሻው ለሐኪምም ለሴትየዋም ጠቃሚ ነው፣ ናይስ ቢያንስ 3 ቀን ይያዝ ይላል፣ ምን ጠጣች፣ መቼ ሸናች፣ መቼ አመለጣት። እዚ ጋ ነው ሰው የሚሰለቸው፣ ስለዚ በአንድ ንክኪ ካልተመዘገበ የሚሞላው የለም።

የመረጃ ጥበቃው እንደ ጌጥ የሚታይ ነገር አይደለም። ፍሎ የሚባለው የወር አበባ መከታተያ አፕ የተጠቃሚዎቹን የጤና መረጃ ለፌስቡክና ለጎግል አይነት ድርጅቶች አሳልፏል ብሎ የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ከሶት እ.ኤ.አ. በ2021 በስምምነት አልቋል። ከዛ በኋላ ሴቶች መጠየቃቸው ተገቢ ነው፣ በተቻለ መጠን መረጃው ስልኩ ላይ ብቻ ቢቀመጥ፣ ስምና ኢሜይል ሳይጠይቅ ቢከፈት። እኛ አገር ደግሞ ስልክ ባልም ልጅም የሚነካው ስለሆነ ፒን ማስገባቱ የግድ ነው።

ወደ አማርኛ ስናመጣው ቃሉን መቀየር ብቻ አይበቃም። ሪማይንደሩ "8:00" ካለ ለኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፣ በኢትዮጵያ ሰዓት የምትሞላ ሴት 2 ሰዓት ብላ ስትሞላ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጮህባታል፣ ማስታወሻው ላይም የሌሊቱና የቀኑ ሽንት ይደበላለቃል፣ ሌሊት ስንቴ እንደተነሳች ደግሞ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚያየው ነገር አንዱ ነው። መጠጡም እንደዛው፣ ቡና የሚለው ስዕል የፈረንጅ ትልቅ ኩባያ ከሆነና እሷ አቦል ቶና በረካ በስኒ ከጠጣች፣ ሶስት ኩባያ ብላ መዝግባ ከጠጣችው በላይ ይቆጠርባታል። ስኒ፣ ብርጭቆ፣ ኩባያ፣ ጣሳ ተብሎ ቢቀመጥ ነው የሚሻለው። ቡናው ቢቀነስ የማጣደፉ ነገር ይቀል እንደሆነ መሞከር ይመከራል፣ ግን ቡና የጎረቤት መገናኛ በሆነበት አገር "አትጠጪ" ከማለት በረካዋን ብቻ መተው ቢባል የሚሰማ ይኖራል። ማንበብ ለማይመቻቸው እናቶች ሁሉም ነገር በድምጽ መኖር አለበት፣ የምትናገረዋ ሴትም እንደ ታላቅ እህት ብታወራ እንጂ እንደ ዜና አንባቢ ባትሆን።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት መምጣት አለበት። እኛ አገር በረዥም ምጥ የመጣ ፌስቱላ አለ፣ ማለትም በፊኛና በብልት መሀል ቀዳዳ ተከፍቶ ሽንት ዝም ብሎ የሚፈስበት፣ ሐኪሞቹ ሐምሊን ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ለዚሁ ብለው ሆስፒታል የከፈቱለት፣ ዛሬ ባህር ዳር፣ መቀሌ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱም ማዕከል አለው። ፌስቱላ በስፖርት አይድንም፣ የሚያስፈልገው ኦፕሬሽን ነው፣ ቀዳዳው ተዘግቶም ሽንት የሚያመልጣቸው አሉ፣ እነሱ ከዛ በኋላ ነው በፊዚዮቴራፒ የሚታገዙት። ስለዚ አፑ ሲከፈት የመጀመሪያው ጥያቄ "ሽንቱ ቀንም ሌሊትም ሳያቋርጥ ይፈሳል ወይ፣ የጀመረውስ ከወሊድ ወይ ከኦፕሬሽን ቀጥሎ ነው ወይ" መሆን አለበት፣ አዎ ካለች ስፖርቱ አይከፈትላትም፣ በቅርቧ ያለው ማዕከል የት እንደሆነና ህክምናው በነጻ እንደሆነ በድምጽ ይነገራታል። ሽንቷ ላይ ደም ካየችም እንደዛው፣ ወደ ሐኪም።