የሞዴል ባቡር፦ የመስመር ግንባታና ፉርጎን የማስረጀት ጥበብ

የሞዴል ባቡር ሥራ እውነተኛውን ሐዲድ፣ በላዩ የሚሄዱትን ሎኮሞቲቮችና ፉርጎዎች፣ እንዲሁም ባቡሩ የሚያቋርጠውን አገር በአንድ ወጥ ልኬት አሳንሶ መሥራት ነው። መነሻው የልጆች መጫወቻ ሲሆን፣ የጀርመኑ ሜርክሊን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1891 በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ወጥ የሐዲድ ስፋቶችን (በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ርቀት) ካቀረበ በኋላ መስመሩን ደረጃ በደረጃ ማስፋት ተቻለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን፣ በተለይ በጀርመን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ፣ የአናጢነትን፣ የኤሌክትሪክን፣ የሥዕልንና የታሪክ ምርምርን ዕውቀት አንድ ላይ የሚጠይቅ የአዋቂዎች ሙያ ሆነ።

በጣም የተስፋፋው ልኬት ኤች ኦ የሚባለው 1፡87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰው፣ ነው። በዚህ ልኬት 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው መደበኛ የሐዲድ ስፋት ወደ 16.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ለኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩን ለማቅረብ ያህል፣ አዲሱን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በኤች ኦ መሥራት የሚሻ ሰው ይህንኑ ሐዲድ ይጠቀማል፤ ስፋቱ 1 ሜትር የነበረውን አሮጌውን የድሬዳዋ መስመር የሚሠራ ግን 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገዋል። ቦታ የጠበበው ሰው 1፡160 የሆነውን ኤን ልኬት ይመርጣል። የአንዱ ፋብሪካ ፉርጎ በሌላው ፋብሪካ ሐዲድ ላይ ያለ ችግር እንዲሄድ የጎማዎችንና የሐዲዶችን መጠን የሚደነግጉ ማኅበራት አሉ፤ ከእነዚህ ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1935 በሚልዋኪ የተመሠረተው የአሜሪካ ብሔራዊ የሞዴል ባቡር ማኅበር ነው።

መስመሩ የሚያርፈው በእንጨት መዋቅር ላይ ነው። በመዋቅሩ ላይ ኮምፔንሳቶ ወይም ጠንካራ ፎም፣ በእሱ ላይ ድምፅ የሚቀንስ ስስ ቡሽ፣ ከዚያም ሐዲዱ ይነጠፋል። ተራራው ከሽቦ ወንፊትና በጄሶ ከተነከረ ጨርቅ ይሠራል፤ ሐዲዱን በሚሸከሙት ተጋዳሚ እንጨቶች መካከል የሚበተነው ጠጠር ደግሞ በውሃ በቀጠነና ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በተጨመረበት ነጭ ኮላ ይያያዛል። ሳሙናው የሚጨመረው ኮላው በጠጠሩ ላይ እንክብል ሆኖ ከመቆም ይልቅ ወደ ውስጥ እንዲሰርግ ነው። የዳገቱ ከፍታ በ100 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ከ2 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከዚያ ካለፈ ሎኮሞቲቩ መጎተት የሚችለው የፉርጎ ብዛት በፍጥነት ይቀንሳል። ከሕዝብ ዕይታ አንጻር ታዋቂው መስመር መንታ ወንድማማቾቹ ፍሬደሪክና ጌሪት ብራውን እ.ኤ.አ. በ2001 በሃምቡርግ የከፈቱት ሚኒያቱር ቩንደርላንድ ነው። የሙያው ጥልቀት በይበልጥ የሚለካው ግን በእንዲህ ያለ ስፋት ሳይሆን በአንዲት ፉርጎ ላይ በሚታይ ጥንቃቄ ይመስለኛል።

ከፋብሪካ የወጣች የዕቃ ፉርጎ አብዛኛውን ጊዜ መሰላሏና የእጅ መያዣዎቿ ከግድግዳዋ ጋር አብረው የተቀረጹ ናቸው። ሠሪው እነዚህን በስለት ልጦ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ አውጥቶ፣ በናስ ሽቦ ይተካቸዋል፤ ከሆዷ ሥር የፍሬኑን የአየር ቧንቧዎችና ዘንጎች ይዘረጋል። ምን መጨመር እንዳለበት የሚወስነው የተመረጠው ዘመን ነው። ለምሳሌ በአሜሪካ ዝግ ፉርጎዎች ጣሪያ ላይ ሠራተኞች ይሄዱበት የነበረው መረማመጃ እ.ኤ.አ. ከ1966 ወዲህ በተሠሩ አዳዲስ ፉርጎዎች ላይ ቀርቷል፤ ስለዚህ በ1980ዎቹ የተሠራች ፉርጎ ላይ መረማመጃ መግጠም የታሪክ ስህተት ነው።

ማስረጀት የሚባለው ፀሐይ፣ ዝናብ፣ አቧራና ሥራ በፉርጎ ላይ የሚተዉትን ምልክት በቀለም የማሳየት ሥራ ነው። በዚህ ከቀዳሚዎቹ አንዱ በሞንቴሬይ፣ ካሊፎርኒያ በቤቱ ምድር ቤት ጎሪ ኤንድ ዲፊትድ የተባለውን መስመር የሠራው ጆን አለን ነው። አለን ፎቶ አንሺ ስለነበር ብርሃን በቆሸሸና በደበዘዘ ገጽታ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ብዙዎች ባቡራቸውን በሚያብረቀርቅ ቀለም በሚያቆዩበት ዘመን እሱ ያረጁና የዛጉ አስመስሎ ይሠራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 1973 ካረፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ መስመሩን እሳት ቢያወድመውም፣ ያነሳቸው ፎቶግራፎች የሙያውን ዓይን ለውጠዋል።

ጥሩ ማስረጀት ከቀለም በፊት ምክንያትን መጠየቅ ይጀምራል። በቀድሞው ዓይነት ኩሽኔታ የሚሽከረከሩ ጎማዎች ዘይት ወደ ውጭ ስለሚያፈስሱ አቧራ ይጣበቅባቸውና ፊታቸው በወፍራም ጥቁር ቅባት ይሸፈናል፤ ዝግ በሆነው የሮለር ኩሽኔታ የሚዞሩት ግን ደረቅ ሆነው ቡናማ ዝገት ይለብሳሉ። ሐዲዱን የሚነካው የጎማ ጠርዝ በሁለቱም ዘንድ እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል። የሲሚንቶ ፉርጎ ከጣሪያው መሙያ ክዳኖች ጀምሮ ወደ ታች የወረደ ነጭ ሽንትር ይኖረዋል፤ በክዳኑ ዙሪያ የፈሰሰው ሲሚንቶ ዝናብ ሲነካው ወርዶ ይደርቃልና። ቦቴ ፉርጎ ከመሙያው ሥር ይጠቁራል። የድንጋይ ከሰል ፉርጎ ውስጡ በጭነቱ ስለሚፋቅና እርጥብ ከሰል ብረትን ስለሚበላ ቀለሙ ጠፍቶ ዝገት ብቻ ይቀራል። የሁሉም የፊትና የኋላ ግድግዳ ጎማ በሚረጨው ጭቃ ይመታል። እነዚህን ሳይለዩ ፉርጎውን ሁሉ በአንድ ቡናማ ቀለም መቀባት ቆሻሻን እንጂ ዕድሜን አያሳይም።

አሠራሩ የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ሞዴሉ በሳሙና ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ዱቄት ቀለም እንዲይዝ የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይረጭበታል። ቀጥሎ የዋናው ቀለም ደብዘዝ ያለ ዓይነት በጣም ቀጥኖ በአየር ግፊት ይረጫል፤ ይህም በፀሐይ የጠወለገ መልክ ይሰጠዋል። ውሃ የመሰለ ጥቁር ቡናማ ቀለም በመገጣጠሚያዎቹና በምስማር ራሶቹ ዙሪያ እንዲሰርግ ይደረጋል፣ የዝገት ነጥቦች በቀጭን ብሩሽ ይጨመራሉ፣ በመጨረሻም የቾክ ዱቄት በደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ይጎተታል፤ ዝናብ የሚወርደው በዚያው አቅጣጫ ነውና። የማጠቃለያው ቫርኒሽ የዱቄቱን መልክ ስለሚያደበዝዝ አስቀድሞ ትንሽ አብዝቶ መቀባት ይገባል። ቫርኒሽ በተቀባ ገጽ ላይ አልኮል ያለበት ቀለም ከታከለ ነጭ ጭጋግ የመሰለ ነገር ሊወጣ ይችላል። ድፍን ጥቁርም አይመከርም፤ በዚህ ልኬት ከእውነቱ በላይ ስለሚከብድ ጥቁር ግራጫ ይተካዋል።

ያማረች ፉርጎ በሐዲዱ ላይ ጸንታ መሄድም አለባት። የአሜሪካው ማኅበር ለኤች ኦ የሚመክረው ክብደት 1 አውንስ (28 ግራም ገደማ) ሆኖ ለእያንዳንዱ ኢንች ርዝመት ግማሽ አውንስ ይጨመርበታል፤ በእውኑ 40 ጫማ የሆነች ዝግ ፉርጎ በሞዴል 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለምትሆን ክብደቷ ወደ 106 ግራም ይጠጋል። ክብደቱ ከወለሉ አጠገብ ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ፉርጎዋ በኩርባ ላይ አትገለበጥም። ዱቄትና ቫርኒሽ በጎማው መርገጫ፣ በአክስሉ ጫፍና በማያያዣው ውስጥ እንዳይገባ ከማስረጀቱ በፊት ጎማዎቹ ይወልቃሉ፣ ማያያዣዎቹም ይሸፈናሉ።