የኢንፌክሽን መከላከል ቃላት በአዲስ አበባ ዳርቻ ጤና ጣቢያዎች

ኢንፌክሽን መከላከልና መቆጣጠር፣ በጤና ተቋማት የዕለት ንግግር «አይፒ»፣ ሕክምናው ራሱ በሽታ አስተላላፊ እንዳይሆን የሚሠራ ሥራ ነው። ከአቃቂ እስከ ኮተቤ፣ ከጀሞ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ለተግባር ልምምድ የሚወጡ የነርስና የአዋላጅ ተማሪዎች ቃላቱን በእንግሊዝኛ ተምረው ይመጣሉ። ሥራው ላይ የሚሰሙት ግን «ይጽዳ»፣ «ይዘፍዘፍ»፣ «ይቀቀል» ነው። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ «ማጽዳት» የተባለው አንድ ቃል አራት የተለያዩ ሥራዎችን ይሸፍናል።

ከታሪክ

በዳርቻው የዚህ ሥራ አንጋፋ ቤት ዘነበወርቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከከተማው ተለይተው የሚኖሩበት ሆኖ የተቋቋመው ስፍራ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ማዕከል ሲመሠረት ለአፍሪካ ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆነ፤ በ1970 ደግሞ የአርማወር ሃንሰን የምርምር ተቋም በዚያው ግቢ ተከፈተ። «ማግለል» የሚለው ቃል ትርጉሙን የቀየረበት ግቢ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ቀድሞ ሰውን ከኅብረተሰብ ማራቅ ነበር፤ ዛሬ የበሽታውን መተላለፊያ መንገድ ለተወሰነ ጊዜ መዝጋት ማለት ነው። የሥጋ ደዌ ታማሚ መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ማስተላለፉን ቶሎ ስለሚያቆም መገለል አያስፈልገውም። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2009 መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ማከም ጀመረ። ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ሕሙማን ማዕከል ሆኗል።

አራቱ ሥራዎች

ዲኮንታሚኔሽን ያገለገለ መሣሪያ ለሚያጥበው ሰው የሚያደርሰውን አደጋ ለመቀነስ ነው። ማጠብ ደምና ቆሻሻን በውሃ፣ በሳሙናና በብሩሽ ማስለቀቅ ነው፤ ወፍራም ጓንትና መነጽር ተደርጎ፣ የመቀሱ መገጣጠሚያ ተከፍቶ፣ እንዳይረጭም ከውሃው ወለል በታች ይፈገፈጋል። ከፍተኛ ደረጃ ዲስኢንፌክሽን ከስፖር (ሙቀትንና ኬሚካልን ከሚቋቋመው የባክቴሪያ ቅርጽ) በቀር ተህዋሲያንን ይገድላል። ማምከን ስፖርንም ጭምር ያጠፋል። የትኛው ለየትኛው መሣሪያ እንደሚያስፈልግ የሚወስነው መሣሪያው የሚነካው የሰውነት ክፍል ነው። የእትብት መቀስ ይመከናል፤ በማህፀን በር ምርመራ ጊዜ የሚገባው ስፔኩለም (የብልት መክፈቻ መሣሪያ) ቢያንስ ከፍተኛ ደረጃ ዲስኢንፌክሽን ይፈልጋል፤ ለደም ግፊት መለኪያው ጨርቅ ማጽዳቱ ይበቃዋል።

በረኪና

ያገለገለ መሣሪያ የሚዘፈዘፍበት የተለመደው ውህድ 0.5 በመቶ ክሎሪን ነው። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መቶኛ ለ0.5 ተካፍሎ 1 ይቀነስለታል። 5 በመቶ ከሆነ ለአንድ እጅ በረኪና ዘጠኝ እጅ ውሃ ይሆናል፤ 4 በመቶ የሚል ከሆነ ግን ሰባት እጅ ብቻ። ሳያነቡ «አንድ ለዘጠኝ» የሚሉ ሰዎች ያን ጊዜ 0.4 በመቶ ይዘው ይሠራሉ። ውህዱ በየቀኑ በፕላስቲክ ባልዲ ይዘጋጃል፣ ይከደናል፣ ደም ካደፈረሰው ቀኑ ሳያልቅም ይደፋል። በሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ሳይጽፉበት ማስቀመጥ የታወቀ ጥፋት ነው፤ ውሃ ይመስላል። ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የመዘፍዘፊያው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው፤ ተዘፍዝፎ ያደረ መቀስ ጠዋት መገጣጠሚያው ዝጎ ይገኛል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ከመታጠቡ በፊት መሣሪያን በፀረ ተህዋሲያን ኬሚካል መዘፍዘፍን አይመክርም። ደም ክሎሪኑን ያዳክመዋል፣ ክሎሪኑ ብረቱን ይበላዋል፣ ሠራተኛውም ይተነፍሰዋል። ዘፍዝፎ ማጠብ ግን በብዙ ቦታ አሁንም ይሠራበታል፤ የለመዱት ባለሙያዎችም የሚያጥበውን ሰው ይጠብቃል ባዮች ናቸው። መዘፍዘፍ መታጠብን እንደማይተካ ግን ማንም አይከራከርም።

ከፍታው የሚቀይረው

የመማሪያ መጻሕፍት ቁጥሮች ለባሕር ጠለል የተጻፉ ናቸው። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። 20 ደቂቃ ማፍላት በየትም ቢሆን ማምከን አይደለም፤ እዚህማ ጭራሽ።

አውቶክሌቭም (በግፊት በታመቀ እንፋሎት የሚያመክነው ማሽን) ላይ ይኸው ይደርሳል። የግፊት መለኪያው ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ነው። በባሕር ጠለል 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) 121 ዲግሪ ይሰጣል፤ እዚህ ግን ያው 15 ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ያደርሳል፤ 121 ለመድረስ ወደ 19 ይጠጋል። ስለዚህ ደቂቃ የሚቆጠረው ቴርሞሜትሩ 121 ከነካ በኋላ ነው፤ ላልተጠቀለለ 20፣ ለተጠቀለለ 30 ደቂቃ። ማሽኑ ከተፈቀደለት ግፊት በላይ አይገፋም፤ የማይደርስ ከሆነ የጥገና ባለሙያ ይጠራል። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። መሣሪያ የሚታሸግበት ድረም ሲገባ ቀዳዳው ይከፈታል፣ ሲወጣ ይዘጋል። እርጥብ ሆኖ የወጣ ጥቅል እንዳልመከነ ይቆጠራል፤ እርጥበቱ ተህዋሲያንን ከውጭ ይስባልና። በጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው የሙቀት ጠቋሚ ቴፕ መስመር መጥቆሩም ጥቅሉ ሙቀት እንዳገኘ እንጂ እንደመከነ አይናገርም። በሲኤስአር (የመሣሪያ ማጠቢያና ማምከኛ) ክፍል ለዓመታት የሠሩ የጽዳት ሠራተኞች ይህን ከብዙ ተመራቂ አስቀድመው ያውቁታል።

መተላለፊያና እጅ

«ስታንዳርድ ፕሪኮሽን» ምርመራ ሳይጠበቅ ለሁሉም ታካሚ የሚደረግ ጥንቃቄ ነው። በንክኪ፣ በነጠብጣብ ወይም በአየር ለሚተላለፍ በሽታ በዚያ ላይ ይጨመራል። ቲቢ በአየር የሚተላለፍ ስለሆነ ሠራተኛው ኤን-95 ያደርጋል፣ ታካሚው ተራ ማስክ፣ መስኮቱም ይከፈታል፤ በሐምሌ ብርድ ቢሆንም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች የእጅ ንጽህና የሚወሰነው በሮቶውና በአልኮሉ ነው። በአልኮል ማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና መታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። እጅ ላይ ደም ከታየ ግን አልኮል አይበቃም። ጓንት ከወለቀ በኋላም እጅ ይታጠባል።

ስለት

መርፌ መልሶ አይከደንም፤ ከነሲሪንጁ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ይገባል። ሳጥኑ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይታሸጋል፤ አይራገፍም፣ ተጭኖም አይጠቀጠቅም። መርፌ የወጋው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ያጥባል፣ ደሙን አይጨምቅም፣ በረኪናም አያፈስበትም። ወዲያው ለኃላፊው ያሳውቃል፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን ይወሰዳል።