አጭር ልጅ ሁሉ ሆርሞን ጎድሎት ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰልፍ ላይ ሁሌ ከፊት የሚቆም የ13 ዓመት ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ እነዚህን አባባሎች ከዘመድም ከጎረቤትም ሳትሰሙ አልቀራችሁም።

«በዚህ ዕድሜው እንዲህ ያጠረው የእድገት ሆርሞን ጎድሎት ነው።»

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ወይ ወላጆቹ አጭር ናቸው፣ ወይ ጉርምስናው ዘግይቷል። እናት 154፣ አባት 166 ሴንቲሜትር ቢሆኑ አማካዩ 160 ነው። ለወንድ 6.5 ይደመራል፣ ለሴት ይቀነሳል። ከዚህ ቤት የወጣ ወንድ ልጅ 166 አካባቢ ላይ ቢቆም ምን ይገርማል? «አባቱም የተመዘዘው አስራ ሁለተኛ ክፍል ደርሶ ነው» የሚል ወሬ ካለም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ይጠቅመዋል።

ሐኪሙ ከቁመቱ ይልቅ የሚጠይቀው በዓመት ስንት እንደጨመረ ነው። ጉርምስና ያልጀመረ ልጅ በዓመት 5 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። ከ4 በታች ከሆነ ይታይ። አምና መስከረም የተገዛው የዩኒፎርም ሱሪ ዘንድሮም ልክ ከሆነ፣ እሱም አንድ መረጃ ነው። ጫማውን አስወልቁት፣ ተረከዙን ግድግዳ አስነኩት፣ ጭንቅላቱ ላይ ደብተር አጋድማችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከስድስት ወር በኋላ ድገሙት።

«ደም ሰጥቶ ሆርሞኑ ይለካና ይለይለት።»

ገንዘብ በከንቱ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ሆርሞኑ የሚረጨው አልፎ አልፎ ነው፤ በብዛት የሚወጣውም ሌሊት፣ በከባድ እንቅልፍ ሰዓት። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የጤነኛ ልጅ ደምም ባዶ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አይጂኤፍ 1 ይለካል፤ ይህ በእድገት ሆርሞኑ ትእዛዝ የሚመረት፣ ደም ውስጥ ቀኑን ሙሉ ብዙም የማይዋዥቅ ንጥረ ነገር ነው። እሱም ቢሆን ምግብ ያነሰው ልጅ ላይ ይወርዳል። ታይሮይድ፣ ኩላሊትና አንጀትም ቀድመው መታየት አለባቸው። ሴት ልጅ ከሆነች የክሮሞዞም ምርመራም አይቅር፤ ተርነር የሚባለው ችግር ከማጠር ሌላ ምልክት ላያሳይ ይችላል።

«ራጁ አጥንቱ ወደኋላ ቀርቷል ካለ፣ በቃ ሆርሞን ነው።»

የግራ እጅ ራጅ የአጥንትን ዕድሜ ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ጉርምስናው የዘገየ ጤነኛ ልጅ አጥንቱም ይዘገያል።

«የማነቃቂያ ምርመራውን ከወደቀ አለቀ።»

ይህ ምርመራ ሆርሞኑ እንዲረጭ በመድኃኒት ቀስቅሶ መጠኑን መለካት ነው። ልጁ በባዶ ሆዱ ይመጣል። ክንዱ ላይ መርፌ ይተከላል፣ ለምሳሌ ክሎኒዲን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት ይሰጠዋል። ያንቀላፋል። በየ30 ደቂቃው ደም ይቀዳል። ችግሩ፣ ብዙ ጤነኛ ልጆችም አንዱን ምርመራ ይወድቃሉ። ውፍረት ውጤቱን ያወርደዋል፤ የዘገየ ጉርምስናም እንዲሁ። ለዚህ ነው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የተለያየ ምርመራ የሚደረገው፣ አንዳንዴም ጉርምስናው ለዘገየ ልጅ ቀደም ብሎ ጥቂት የፆታ ሆርሞን የሚሰጠው። መቁረጫውም አንድ አይደለም። አንዱ ሆስፒታል ጋ በሚሊ ሊትር 10 ናኖግራም፣ ሌላው ጋ 7 ነው። 8 ያመጣ ልጅ እዚህ «ጎድሎታል»፣ እዚያ ደህና ነው! እጥረቱ ከተረጋገጠ በኋላ ሆርሞኑን የሚያመርተውን ፒቱታሪ እጢ ለማየት የጭንቅላት ኤምአርአይ ይታዘዛል።

«ሜሲ ተወግቶ አድጓል፣ የእኔም ልጅ ይወጋ።»

ሜሲ ላይ እጥረቱ በምርመራ የተገኘው በልጅነቱ፣ ሮዛሪዮ እያለ ነው። ያም ሆኖ ዛሬ ቁመቱ 1.70 ገደማ ነው። የእድገት ሆርሞን መርፌው የጎደለውን ይተካል፤ የአጥንቱ ማደጊያ ከተዘጋ ግን ቁመት አይጨምርም። ሴቶች ላይ ደግሞ ከወንዶች ቀድሞ ይዘጋል።